ቫን ናይስ ከሳሽ፣ እድሩ ተከሳሽ

ዘመናችን ካፈራቸው ታላላቅ የሕግ ክርክሮች አንዱ የተጀመረው ቫን ናይስ በሚባለው ሰፈራችን፣ በአንድ አፓርታማ ደጃፍ፣ ሟች ራሱ በሩን በከፈተበት ሰዓት ነው።

«ማን ሞተ?» አለ ጎረቤቴ ሀይለገብርኤል። በቁምጣ ነው፤ የሐብሐብ ቁራጭ በእጁ ይዟል። ኮሪደሩ ላይ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ እስከ ደረጃው ተደርድሯል።

«አንተ ነሃ!» አለችው ከፊት የቆመችው ሴትዮ፣ ለቅሶዋን ሳታቋርጥ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። አንዴ የጀመረችውን በመሀል ማቆም ስለከበዳት ግን ትንሽ ጨመረችበት።

ከታች ከፓርኪንጉ የብረት ኳኳታ ተሰማ። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ አሰፋ ድንኳኑን ከፒክአፓቸው እያወረዱ ነበር። የጋርዴና ቅርንጫፋችን አባል ፍሬው ወንበር ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመና፣ «እግዜር ያጥናህ» አለው። ከልማድ ነው፤ ማንም አልፈረደበትም።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ከሀይለገብርኤል ጋር የሚያገናኘኝ አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ ግን ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። እድራችን ማዕከሉ ፌርፋክስ፣ ቅርንጫፎቹ ቫን ናይስ፣ ጋርዴናና ሎንግ ቢች የሆነ አንጋፋ ተቋም ነው። ከተመሠረተ ጀምሮ በሕይወት ስላለ ሰው ቴክስት ልኮ አያውቅም። ቴክስት ከመጣ ስም አለበት፤ ስም ካለበት ያ ሰው የለም። አባላት ስሙን ያነባሉ፣ ቁልፍ ያነሳሉ፣ ፍሪዌይ ይገባሉ። የዚያን ቀኑ ቴክስት «ጋሼ ሀይለገብርኤል ታመው ኢመርጀንሲ ሩም ደርሰው ተመልሰዋል፤ ቤታቸው ሄደን እንጠይቃቸው» ነበር የሚለው። ከስሙ አልፎ ያነበበ አልተገኘም።

ላኪዋ ዶርካስ ናት። ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስታ፣ «ሰው ሲሞት ድንኳን ይዘን እንሮጣለን፤ ሲታመም ግን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አያገኝም። ሳይሞት ብንረዳው ምን አለበት?» የሚል ለጆሮ እንግዳ የሆነ ሐሳብ አቀረበች። ምሳ ደርሶ ስለነበር ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አጸደቀላት። በማሻሻያው መሠረት ማንኛውም አባል የጤና ኢንሹራንስ መግባትና በየዓመቱ መመርመር ግዴታው ሆነ። የታመመ እንደሆነ ደግሞ እድሩ ያመላልሰዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ አጠገቡ ይቀመጣል። ስሙም «አጠቃላይ የጤና ማሻሻያ» ተባለ። አጠቃላይ የተባለው ዝርዝሩን ያነበበ ስላልነበረ ነው።

የሀይለገብርኤል ሚስት ሣህሊቱ ለቀስተኛውን ሁሉ አስገብታ መግለጫ ሰጠች።

«አልሞተም፤ ግን እየሠራበት ነው። የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ይዟል። ሰርጀሪ ያስፈልግሃል ሲሉት አልፈርምም ብሎ ሮጦ ወጣ።»

«የመርህ ጉዳይ ነው!» አለ ሀይለገብርኤል።

«ቢላ ፈርተህ ነው።»

«የመርህ ጉዳይ ነው አልኩ!»

መርሁን ላስረዳ። ሀይለገብርኤል የኤርፖርት ሹትል ነጂ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሬዲዮ ይሰማል። ስቴቶች ተሰባስበው ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ ይግባ የሚለውን የአገሪቱን የጤና ሕግ ፍርድ ቤት ሲያቆሙት አንድም ቀጠሮ አላመለጠውም። ቴክሳስ ከሰሰ ሲባል የእህቱ ልጅ የተዳረች ያህል ደስ ብሎት ነበር። የኛ ስቴት ግን መክሰሱ ይቅርና ለሕጉ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ይህ ውርደት አንገቱን አስደፍቶት ኖሯል። ኢንሹራንስ ግባ ሲሉት፣ «ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ አስተያየት አልሰጥም» ይላል። ጠጠሩ ግን ውሳኔ አልጠበቀም።

እንግዲህ ያን ቀን ለእዝኑ የመጣውን ምስር ወጥ ከለቀስተኞቹ ጋር ቀርቦ እየበላ፣ ታሪካዊውን ጥያቄ ያነሳው በጉርሻ መሀል ነው።

«ቴክሳስ ከከሰሰ ቫን ናይስ ምን ያንሰዋል?»

«ቫን ናይስ እኮ ስቴት አይደለም» አልኩት።

«እስካሁን» አለ።

በማግሥቱ የቫን ናይስ ቅርንጫፍ በእድሩ ላይ ክስ መሠረተ። ጋርዴና ወዲያው ከጎኑ ተሰለፈ። ፍሬው እንዳስረዳን ጋርዴና በማሻሻያው ላይ ቅሬታ የለውም፤ ቅሬታው ድንኳኑ ሁልጊዜ አቶ አሰፋ ጋራዥ ውስጥ ማደሩ ነው። ሎንግ ቢች ከዶርካስ ጋር ሆኖ ማሻሻያውን ሊከላከል ተነሳ። ፌርፋክስ ገለልተኛ ነኝ አለ፤ ተከሳሹ ራሱ እንደሆነ የነገረው አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ችሎቱ ተሰየመ። አቶ አሰፋ የተከሳሹ እድር ሊቀ መንበርም፣ የችሎቱ ዳኛም ሆነው ተቀመጡ። ይህ አሠራር ጊዜ በመቆጠብ ረገድ ወደር የለውም።

ሀይለገብርኤል ከረባት አስሮ ቆመ።

«የተከበረው ችሎት! መተዳደሪያ ደንባችን ‹አባል ሲሞት› ነው የሚለው። ‹ሲታመም› የምትል ቃል ካለች ዶርካስ ታሳየኝ! እድሩ በኔ ላይ ሥልጣን የሚኖረው ከሞትኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ነፃ ሰው ነኝ!»

ጋርዴና አጨበጨበ። ዶርካስ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ኦኬ። ግን ሰው የሚከሰው ሲጎዳ ነው። ማሻሻያው ምን አደረገህ?»

«በቁሜ ተለቀሰልኝ!»

«ሶ ምን አለበት? ማን እንዳለቀሰለት ለማየት የታደለ ሰው አለ እንዴ?»

«እኮ! ጉዳቱ እሱ ላይ ነው! አየኋ! ፍሬው አላለቀሰም!»

ችሎቱ በሙሉ ወደ ፍሬው ዞረ።

«ወንበር ይዤ ነበር» አለ ፍሬው።

አቶ አሰፋ መልሱ ይመዝገብ አሉ። የሚመዘግብ ባለመኖሩ ታለፈ። ሀይለገብርኤል ንግግሩን ሊቀጥል ሲል ቀኝ ጎኑን ያዘ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ዶርካስ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የሚያምህ?»

«እቃወማለሁ! ጥያቄው ከክሱ ጋር ግንኙነት የለውም!»

«ተቃውሞውን ተቀብለናል» አሉ አቶ አሰፋ። ሣህሊቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። ማሻሻያው በፌርፋክስና በሎንግ ቢች ይጸናል። በቫን ናይስ ክልል ግን አባሉ እስኪሞት ድረስ እድሩ እጁን ይሰብስብ። የጋርዴና የድንኳን ጥያቄ ለጥናት ይመራ። ማን እንዳሸነፈ በትክክል ያወቀ ስላልነበረ ሁሉም ወገን ተቃቀፈ።

ሀይለገብርኤል ለድሉ ክትፎ አዘዘ፤ ቅቤው በዛ እንዲል አሳሰበ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ቅቤ አይሆንህም» አለችው ዶርካስ። «ደግሞ አሁን ያለኸው ፌርፋክስ ነው፤ እዚህ ማሻሻያው ይሠራል።»

«እኔ የቫን ናይስ ሰው ነኝ። እዚህ እንግዳ ነኝ» ብሎ ጎረሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ከጎኔ፣ ሣህሊቱ ከኋላ። ፎር ኦ ፋይቭ ፍሪዌይ ላይ ዳገቱን እስክንጨርስ ስለ ድሉ ሲተርክ ቆየና ድንገት ቃተተ። ዞር ብዬ ሳየው ታጥፏል፤ ከረባቱን ነክሷል።

«ሣህሊቱ… ደውዪላት!»

«ለማን?»

«ለማን ትለኛለች እንዴ! ለዶርካስ!»

ሣህሊቱ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«የት ደረሳችሁ?» አለች ዶርካስ።

«ሸርማን ኦክስ፤ ቤት ልንደርስ ነው» አልኳት።

«ቅርብ ያለው ኢመርጀንሲ አስገቡት። እኔ አሁኑኑ ተነስቼ እመጣለሁ።»

«ቅርብ ያለው የት ነው?» አለ ሀይለገብርኤል እያቃሰተ።

«ቫን ናይስ» አልኩት።

«አይሆንም!» ብሎ ዳሽቦርዱን መታው። «ቫን ናይስ ውስጥ ሥልጣን የላትም! ተፈርዷል! ማን ሊያስተረጉምልኝ ነው? ማን አጠገቤ ሊቀመጥ ነው? አዙር! ሎንግ ቢች ውሰደኝ!»

ለፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲህ ታዛዥ የሆነ ዜጋ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምመጣው እኮ፣ ሕጉን ተወው…» አለች ዶርካስ። ሣህሊቱ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው። ወደ ባሏ ጆሮ ተጠግታ፣ ችሎቱ ሁሉ ያልጠየቀውን ጠየቀች።

«ሎንግ ቢች ከወሰድንህ ትፈርማለህ?»

«እፈርማለሁ!»

«ሰርጀሪውንስ?»

«ያውጡት! ብቻ ያዙር!»

«አዙር» አለችኝ፤ ለዶርካስም ወደ ሎንግ ቢች እንደምንመጣ ነገረቻት።

አዞርኩ። ወደ ደቡብ ስንወርድ በስንት ሆስፒታል አጠገብ እንዳለፍን አልናገርም፤ የጎረቤት ነገር ነው። ዶርካስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ያስፈረመችውም፣ ያስተረጎመችለትም፣ የኢንሹራንሱን ጉዳይ ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር የጀመረችለትም እሷ ናት። ጠጠሩ ከነከረጢቱ በማግሥቱ ወጣ።

ዶርካስ ካለፈው ስህተት ተምራ፣ ሁለተኛውን ቴክስት «በሕይወት ያሉት ጋሼ ሀይለገብርኤል» ብላ ጀመረችው። ከስሙ በፊት የተጻፈም እንደማይነበብ ያን ጊዜ ታወቀ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በጥቁር ልብስ ተሞላ። አቶ አሰፋ ፓርኪንግ ውስጥ ስለ ድንኳኑ ከጥበቃው ጋር ይነጋገራሉ። ፍሬው በዚህኛው ቀን ወንበር አልያዘም፤ ሁለት እጁ ነፃ ስለነበር አልጋው ግርጌ ቆሞ ከልቡ አለቀሰ።

ሀይለገብርኤል ማደንዘዣው በቅጡ ሳይለቀው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጥቁሩን ሕዝብ አየ። ፍሬውን ረዘም አድርጎ አየው።

«ሞትኩ እንዴ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሣህሊቱ ትራሱን አስተካከለችለት።

«አልሞትክም» አለችው። «ሎንግ ቢች ነህ።»