ከበሩ ጥግ የተቀመጠው ሰው

ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ በትሕትና ስሙት እንጂ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ውሸታም ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ የትኛው እውነት የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ያውቃል። የልጅነቱን ነገር የሚያወራ ሰው ግን ያየውን፣ የሰማውንና የተመኘውን አንድ ላይ አቡክቶ፣ «በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው» ብሎ ያቀርብላችኋል። ስለ አባቱ ከሆነ ደግሞ ይባስ ተጠንቀቁ። የአባቱ ቁመት በየዓመቱ አንድ ስንዝር ይጨምራል፣ ድምፁ እየጎረነነ ይሄዳል፤ ከሞተ አሥር ዓመት ሲሞላው አንበሳ ገድሎ ታገኙታላችሁ። እኔም ከዚሁ ሕዝብ አንዱ ነኝ። ልዩነቱ የእኔ አባት ከመርዘም ይልቅ እያጠሩ መሄዳቸው ነው። ያሳጠርኳቸውም እኔው ነኝ። ይህን የተረዳሁት ሲኒማ ቤት ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ አልቀየምም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሕንድ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ነበረን። ሕንዶቹ ሲዘፍኑ አስተርጓሚ አያሻም፤ ሲያለቅሱም አያሻም። ችግሩ ሲያወሩ ነው። ያን ጊዜ ኢብራሂም ይነሳል። ኢብራሂም በወጣትነቱ አንድ ሕንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ስለዚህ ቋንቋቸውን ያውቃል ይባላል። እርግጥ ያውቃል፤ ክንድን፣ ጥቅልንና የቀለም ዓይነትን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። ፊልም ላይ ስለ ጨርቅ ሲወራ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቢሆንም ከሸራው በስተግራ ቆሞ፣ በዱላው እየጠቆመ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በጀጎል ቋንቋ ያለ ምንም ማመንታት ያስረዳናል።

እንዴት ይችላል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ኢብራሂም ቋንቋውን ባያውቅም ቤት ያውቃል። በእኛ በጀጎል ሰው የሚታወቀው በአነጋገሩ ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታ ነው። የቤታችን ዋና ክፍል ወለሉ በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ዙሪያውን ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች የተሠሩለት ነው፤ ነደባ እንላቸዋለን። ከሁሉም ከፍ ብሎ በሩን የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። ከዚያ በዕድሜና በክብር እየተወረደ እየተወረደ፣ መጨረሻ ላይ ከበሩ ጥግ ይደረሳል። ከማታውቁት ቤት ገብታችሁ አንድ ቃል ሳትጠይቁ ማን አባት፣ ማን እንግዳ፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኢብራሂምም ሕንድን የሚያነባት በዚሁ ፊደል ነበር። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሁሉ አባት ነው፤ ከበር ጥግ ያለ ሁሉ አሽከር። አዳራሹም የሚያስበው እንደዚሁ ስለሆነ ተቃውሞት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያን እሑድ የመጣው ፊልም አንድ ጎልማሳ በባቡር ወደ ልጅነት ቤቱ ሲመለስ አባቱን እያስታወሰ የሚጓዝበት ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ቤት ታየ፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ጢማም ሰውዬ ተኮፍሶ ተቀምጧል። «አባትየው እኚህ ናቸው! ማሻአላህ፣ ግርማቸውን እዩልኝ!» አለ ኢብራሂም። ከበሩ ጥግ መሬት ላይ ደግሞ አንድ ከሲታ ሰውዬ አለ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታለታል፣ እግሩን ያጥብለታል። «አሽከራቸው ነው፣ ሚስኪን» አለ ኢብራሂም። ከሲታው ሰውዬ ታሞ ሞተ፤ ልጁ መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። «ለአሽከር እንዲህ ማልቀስ! ወላሂ የእነዚህ ሰዎች ልብ ለስላሳ ነው።» በመጨረሻ ጎልማሳው ከባቡር ወርዶ ቤቱ ገባ፤ ትልቁን ወንበር ዞር ብሎም ሳያየው አልፎ ሄዶ ከበሩ ጥግ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዳራሹ ግራ ገብቶት ወደ ኢብራሂም ዞረ። ኢብራሂም ለአፍታ አሰበና «ከመንገድ ስለመጣ ደክሞት ነው» አለ። መብራት በራ፤ ተበተንን።

እኔ ግን ያ ጎልማሳ ከበሩ ጥግ ቁጭ ማለቱ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንድትረዱኝ ቤታችንን ላሳያችሁ።

የኖርንበት የጀጎል ቤት የእናቴ ወንድም የአጎቴ የሐጂ ነው። ሐጂ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አሚር ነደባ ላይ ሲቀመጡ ቤቱ ራሱ የሚጠብ ይመስላል። አባቴ አባ አደም ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገጠር ገበሬ ናቸው፤ እናቴን አግብተው እዚህ ቤት ገቡ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትሞት እዚሁ ቀሩ። ጠዋት ወደ ሶፊ ወርደው ማሽላቸውን ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት ተመልሰው ከበሩ ጥግ ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤት ስመጣ የጫማዬን ማሰሪያ የሚፈቱልኝ እሳቸው ነበሩ። ሲፈቱ ቀና ብለው ፊቴን ያዩኛል፤ ያ ነገር ያሳፍረኝ ነበር።

አሥር ዓመቴ ላይ አንድ አብሮኝ የሚማር ልጅ ተከትሎኝ ቤት መጣ። ባለ ሱፍ ኮት አባት ያለው ልጅ ነው። አባቴን እግሬ ሥር በርከክ እንዳሉ አየና «ማን ነው?» አለኝ። እኔም «የሶፊ ሰው ነው» አልኩት። አልዋሸሁም፤ የሶፊ ሰው ናቸው። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም፤ ስለዚህ አልሰሙኝም ብዬ ደመደምኩ። አልሰሙኝም እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ኖርኩ።

ያን እሑድ ፊልሙን ሳይ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኛለሁ፤ አሚና የምትባል የጀጎል ልጅ ልታገባኝ ተስማምታለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አባቷ ሸኽ ዩሱፍ ከዘመዶቻቸው ጋር ቤታችንን ሊያዩ፣ ከአባቴ ጋር ሊተዋወቁ ይመጣሉ። አያችሁ ጉዳዩን? እኔ በልቤ ሐጂን በአባት ቦታ አስቀምጬ ጨርሻለሁ። ለአባቴም፣ ፊልሙን ከማየቴ ከሦስት ቀን በፊት፣ «አባ፣ ያን ቀን ሶፊ ቢውሉ አይሻልም? ሰብሉን ከብት እንዳይጨርሰው» ብያቸዋለሁ። «ሰብሉ እንኳ የትም አይሄድም» አሉ። ከዚያም «እሺ፣ እንዳልክ» አሉ። በቤታችን ቋንቋ ያሉትን በአማርኛ ነው የማወራችሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ግን ያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ለሕንዳዊው የሂሳብ አስተማሪያችን ፊልሙን እያደነቅሁ አወራሁለት። አገሩ ሳለ ሁለት ጊዜ አይቶታል። አባትየው በትልቁ ወንበር ላይ ምንኛ ያስፈሩ ነበር ስለው ሻዩን አስቀመጠ።

«የትኛው አባት?»

«ጢማሙ ነዋ!»

«እሱ የቤቱ ባለቤት ነው እንጂ ለልጁ ባዳ ነው። አባቱ ከበሩ ጥግ ያለው ሰውዬ ነው። ልጁ እንዲማርለት ብሎ ነው በሰው ቤት እንደዚያ የኖረው።»

ብዙ ሰው መብረቅ መታኝ ሲል ሰምታችኋል። እኔን ምንም አልመታኝም፤ ቁጭ ብዬ የተማሪ ስም መገልበጥ ቀጠልኩ። አንዱን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ ተገኘሁ።

ማታውን ሐጂን ጠየቅኋቸው፤ አባቴ ለምን ወደ ሶፊ አልተመለሱም? ሐጂ ሰው አፍጥጦ የማየት ልማድ አላቸው፤ አፈጠጡብኝ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? እህቴ የሞተች ጊዜ ሶፊ ተመልሶ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ በገዛ ቤቱ አሚር ሆኖ መቀመጥ ይችል ነበር። ልጁ ፊደል ይቁጠር ብሎ ቀረ። ከላይ ውጣ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ። ‹እሷ በእጇ የለቀለቀችውን ወለል በእርሻ እግሬ አልረግጥም› አለኝ። ወለሉ ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ ተለቅልቋል፤ እሱ ግን እንዳለ አለ።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ወደ በሩ ጥግ ሄጄ «አባ፣ ያን ቀን ሶፊ አይሂዱ» አልኳቸው።

«ሰብሉስ?»

«የትም አይሄድም፣ አባ።»

«እኔስ ምን አልኩህ?» አሉ።

ቀኑ ደረሰ። የክረምት ቀን ነው፤ የጀጎል መተላለፊያ ጭቃ ሆኗል። አባቴ ከብዙ ልመና በኋላ እግራቸውን ታጥበው አሚር ነደባ ላይ ወጥተው፣ የሐጂን ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ ፎቶ ሊነሱ እንደተዘጋጁ ሰው ደርቀው ተቀመጡ። ሐጂ አንድ ደረጃ ዝቅ አሉ። እኔ እንግዶቹን ልቀበል ከግንቡ በሮች አንዱ እስከሆነው ሸዋ በር ድረስ ሄድኩ። ይዣቸው ስመለስ ግን አሚር ነደባ ባዶ ነው። አባቴ የእንግዳ ኮቴ ሲሰሙ አላስቻላቸውም፤ ወርደው ከበሩ ጥግ የእንግዶቹን ጫማ ተቀብለው ጥንድ ጥንዱን እየደረደሩ ነበር።

ሸኽ ዩሱፍ ገብተው ተቀመጡ፣ ባዶውን ቦታ አዩ፣ ሐጂን አዩ፣ ግራ ገባቸው። ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የማይነበብ ሆነ። «የልጁ አባት የሉም እንዴ? በሰላም ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ የመጨረሻው ገቢ ነኝ፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደርሷል። አባቴ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በርከክ ብለው የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

ሸኽ ዩሱፍ ወደኛ ዞሩ። «እርስዎስ ማን ነዎት፣ አባት?»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ግን ቀደሙኝ። ፊቴን እንደ ድሮው ቀና ብለው እያዩ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የሶፊ ሰው ነኝ» አሉ።

በቁጣ አልነበረም። ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። ሊያድኑኝ ፈልገው ነው፤ የልጅነት መልሴን ሳይሸራርፉ አስቀምጠውልኝ፣ በቸገረኝ ሰዓት አቀበሉኝ።

«አባቴ ናቸው!» አልኩ። ድምፄን አልመጠንኩትም፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ሸኽ ዩሱፍ ተነሥተው መጡ። «ታዲያ ቦታዎ ባዶ አይደለም እንዴ?» ብለው የአባቴን እጅ ይዘው ወደ ላይ ወሰዷቸው። በቀዩ ወለል ላይ ከጫማው ጭቃ የረጠበው የአባቴ እግር ምልክት ከበሩ ጥግ እስከ አሚር ነደባ ድረስ ታተመ። ሐጂ ምልክቱን እስከ መጨረሻው በዓይናቸው ተከተሉት። አሚና የእኔ ሆነች፤ ምርቃቱንና ድግሱን እናንተው ገምቱት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ፊልም ተመልሶ መጣ። አባቴን ይዣቸው ገባሁ፤ በዕድሜያቸው የመጀመሪያ ሲኒማቸው ነው። ስለ ታሪኩ አንድም ነገር አልነገርኳቸውም። ከሲታው ሰውዬ ሲታይ ኢብራሂም ዱላውን ዘርግቶ «አሽከራቸው ነው፣ ሚስኪን» አለ። ልነሣና ላርመው ስል አባቴ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተወው፣ ይሥራበት።»

«ተሳስቷል እኮ፣ አባ። ሰውዬው...»

«አባቱ ነው። አውቄያለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማሰሪያውን ሲፈታ ማሰሪያውን አያይም፤ ልጁን ነው የሚያየው» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከሸራው ላይ ሳያነሡ።

በመጨረሻ ጎልማሳው ከባቡር ወረደ፣ ትልቁን ወንበር አልፎ ሄደ፣ ከበሩ ጥግ ቁጭ አለ። ኢብራሂምም እንደ ልማዱ «ከመንገድ ስለመጣ ደክሞት ነው» አለ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህስ አልተሳሳተም» አሉ። «መንገዱ ሩቅ ነው።»