የአክስቴ የቨርና ሙሌት

የምስጋና በዓል በደረሰ ቁጥር በየቤተሰቡ «ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ልሥራላችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ። ዘመዶቻችሁ ፈርተው ነው ያልነገሯችሁ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቨርና ትባላለች። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በዌስት ቨርጂኒያ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ አንድም ልጅ ሳይጫርባት ጡረታ ወጣች። መሪ ስትይዝ እንዲያ የምትጠነቀቅ ሴት ማማሰያ ስትይዝ ምን እንደሚነካት ፈጣሪ ይወቀው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። የተራራው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የእኔም ወኔ አብሮ ይረግፋል።

የእናቴ የኦፓል ሙሌት የታወቀ ነው። የደረቀ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ ቅቤ፣ ከጓሮ የተቀጠፈ ሴጅ የሚሉት ቅጠል፣ አለቀ። ይህ ተደባልቆ ለበዓሉ በሚጠበሰው ትልቅ ዶሮ፣ በተርኪው ሆድ ውስጥ ይጠቀጠቅና፣ የዶሮውን ስብ እየጠጣ አብሮት ይበስላል። አያቴ እንዲህ ሠራች፣ የአያቴም እናት እንዲሁ። ምን ጎደለው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ቨርና እስክትመጣ።

«ኦፓልዬ፣ ሙሌትሽ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል» ትላለች በየዓመቱ።

«ምን ይጎድለዋል?»

«እሱን እኮ ነው የምፈልገው!»

ፍለጋው ብዙ ሰው ጎድቷል። አንድ ዓመት ሰርዲን ከአናናስ ጋር ሆነ። ሌላ ዓመት በደንብ ያልበሰለ ቼስትነት የሚባል ድንጋይ መሳይ ፍሬ ጨምራበት፣ የእህቴ ባል ሮይስ በበዓል ቀን ጥርስ ሐኪም ፍለጋ ከተማ ለከተማ ዞረ። እሷ ግን ይቅርታ የሚባል ነገር አታውቅም። «ጥርሱ ድሮም ደካማ ነበር» ብላ ዘጋችው። ሰው ካመነታ ደግሞ መልሷ አንድ ነው፤ «ዝም ብለህ ቅመስ!»

የቀይ ሥሩን ዓመት ሳስታውስ እስካሁን ያልበኛል። ያኔ ገና ድንበር አልተበጀም ነበር። እናቴ ልብስ ልትቀይር መኝታ ቤት ገባ ስትል፣ ሊቀ ሙሌት ቨርና ቀይ ሥር ፈቅፍቃ ተርኪው ሆድ ውስጥ ከተተችው። ሰዓቱ ደርሶ ሮይስ ቢላዋውን ሲያሳርፍበት ቀይ ፈሳሽ ኮለል ብሎ ወጣ።

«ደም ነው! ጥሬ ነው! እንዳትነኩት!» ብሎ ጮኸ ሮይስ።

መልሰን ምድጃ ውስጥ ከተትነው። አወጣነው፣ አሁንም ቀይ ነው። እንደገና ከተትነው። ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ፣ እናቴ ምድጃው ተበላሸ ብላ ስትጨነቅ፣ ቨርና እጇን አጣምራ ፈገግ ብላ ታየናለች። በመጨረሻ የጫማ ሶል የመሰለ ነገር ተበላ።

«ቀይ ሥር መሆኑን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት እናቴ።

«ምነው፣ ደስ እንዲላችሁ በድንገት ላሳያችሁ ብዬ ነዋ!»

በዚያው ማዕድ ላይ እናቴ አዋጅ አወጀች። «ከዛሬ ጀምሮ የተርኪው ሆድ የኔ ነው። አንቺ የፈለግሽውን በራስሽ ትሪ አድርገሽ ነይ። እጅሽ ሆዱ ውስጥ ቢገኝ ግን እህቴ አይደለሽም!» ቨርናም አዋጁን አከበረች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፎይል የተሸፈነ ትሪዋን ታቅፋ ትመጣለች። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ማንኪያ ግዴታችን ነው፣ ምክንያቱም እሷ ራሷ ሳትበላ አፍ አፋችንን ነው የምታየው። ሮይስ ድርሻውን በተፈጨ ድንች ሥር መቅበር ተምሯል። እኔ ሳላላምጥ መዋጥ ተምሬያለሁ። ውሻችን አንዴ አሽትቶ ወደ በረንዳ ወጥቷል፣ በዕለቱ ከሁላችን ብልህ የነበረው እሱ ነው።

ዘንድሮ በዓሉ ሊደርስ ሲል እናቴ ደወለችልኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም።

«ክሌም፣ ቨርናን ምን ይዘሽ ትመጫለሽ አልኳት።»

«እ? ምን አለችሽ? ንገሪኝ፣ ተቀምጫለሁ።»

«ያንቺኑ ሙሌት ሠርቼ እመጣለሁ አለች።»

«የቱን ያንቺን?»

«የኔን! ዳቦና ሽንኩርቱን! ምንም አልጨምርበትም አለችኝ።»

ስንት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነገር ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። ሰርዲኑም ቀይ ሥሩም እንዲህ አድርገው አስፈርተውኝ አያውቁም።

የበዓሉ ዕለት ቨርና ትሪዋን ታቅፋ መጣች። ፎይሉ ሲነሳ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ዳቦ ነው። ሽንኩርት ነው። ቀመስነው፣ ቁርጥ የእናቴ ነው። ከቅቤውም ከጨውም የሚነቀፍ አልነበረም።

«ይጣፍጣል» አለ ሮይስ፣ ክፉ ወሬ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቨርና አፋችንን አላየችም። አቀርቅራ ሳህኗን ታያለች። ከመብላታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለምን እንደሚያመሰግን በተራ ይናገራል፣ የቤታችን ወግ ነው። እሷ ሁልጊዜ ስለ ትሪዋ ረጅም ንግግር የምታደርግበት ጊዜ ነበር። የዚያን ቀን ግን ተራዋ ሲደርስ «ስለ እናንተ» ብቻ ብላ አልፋ ነበር። ያን ጊዜ ሳላስተውለው ያለፈኝ ነገር አሁን ትዝ አለኝ።

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «ቨርና፣ ምን ሆነሻል?»

«ምን እሆናለሁ? ደግሞ ጥሩ ስሠራም ጠብ ነው?»

«እኔን አታታልይኝ። ሐኪም ቤት ሄደሻል?»

ቨርና ናፕኪኗን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። «ሳንባዬ ላይ አንድ ነገር አይተዋል። በቀዶ ጥገና ሊያወጡት ነው። ከፍተን ካላየን ምንነቱን አናውቅም ነው የሚሉት።» ከዚያ ልትስቅ ሞከረች። «እና አሰብኩት። ምናልባት ባልነሳ፣ በየበዓሉ ስታነሱኝ ፊታችሁን ልታጨማድዱ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ጥሩ ነገር አብልቻችሁ ልሂድ ብዬ ነው።»

እኔ ፈራሁ።

እናቴ ግን ተቆጣች። ተነስታ ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። «ይሄ የኔ ነው! የራሴን አንቺ አታበይኝም! ዘንድሮ ምን ልትጨምሪበት አስበሽ ነበር?»

«ተይው ኦፓልዬ።»

«ንገሪኝ አልኩሽ!»

ቨርና ሰረቅ አድርጋ አየችን። «የለውዝ ቅቤ» አለች ቀስ ብላ። «በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር።»

ሮይስ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሁለቱም ቤት አለ። ተነሺ!» አለች እናቴ።

ምግቡ እየቀዘቀዘ፣ ስጎው ላይ ስብ እየረጋ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ወጥ ቤት ገቡ። «አብዝተሽዋል!» «ዝም በይ፣ ልጨምርበት ነው!» ሲባባሉ ይሰማናል። ትሪው ተመልሶ ሲመጣ መልኩ ግራጫ ነበር። ቀመስኩት። ጣዕሙን ልነግራችሁ አልችልም፣ አንዳንድ ነገር ለሰው ይከብዳል። ቨርና ከወንበሯ ፈቀቅ ብላ አፋችንን ማየት ጀመረች።

«ዝም ብለህ ቅመስ እንጂ፣ ክሌም! ምን ታፈጥብኛለህ?»

ሁለተኛ ጨመርኩ። ሮይስም ድንቹን ወደ ጎን ገፍቶ በግላጭ በላ፣ እንባው እየወረደ። ከለውዝ ቅቤው ይሁን ከሌላው አልጠየቅኩትም።

ስንለያይ እናቴ በር ላይ የቨርናን ኮት ቆልፋላት «ለከርሞ የተርኪው ሆድ ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን ክተችበት» አለቻት። እናቴ አዋጅ ስትሽር አይቼ አላውቅም። ቨርና እህቷን አንገቷን አቅፋ ቆየች።

ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው። ጠዋት ስልኬ ሲጮህ እሷ ናት፣ ከሆስፒታል፣ የሕሙማን ቀሚስ አልብሰዋት ተራዋን ትጠብቃለች። ስልኩን የማነሳበት አቅም አልነበረኝም፣ ግን አነሳሁት።

«ክሌም፣ አሁን ሊያስገቡኝ ነው፣ ቶሎ መልስልኝ። ሙዝ ትወዳለህ?»

ሙዝ ሽታው ያስመልሰኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው አጠገቤ ሲልጥ ክፍል ለቅቄ ነው የምወጣው።

«እወዳለሁ አክስቴ» አልኳት። «በጣም ነው የምወደው።»

«ጎሽ! እንግዲያው አበዛበታለሁ።»

«አብዢበት» አልኳት። «ብቻ ነይልን።»