የድልድዩ ለቅሶ

እያንዳንዱ ከተማ አንድ «ስንት ፈጀ?» የሚል ሰው አለው። ሪባን ተቆርጦ ሌላው ሲያጨበጭብ፣ እሱ ለጥያቄ እጁን ያወጣል። የእኛ፣ የዶልና ቨርባው፣ ክቡር ጋሽ ራዶይ ናቸው፤ የግብር ከፋዮች ሁሉ አለቃ፣ ሹመታቸውንም ራሳቸው ለራሳቸው ያጸደቁ። ጡረታ እስኪወጡ ባቡር ጣቢያው ላይ ሀዲድ ቀያሪ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ባቡር ያለመንገዱ እንዳይገባ ሲጠብቁ ስለኖሩ፣ ገንዘብ ያለመንገዱ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይሆንላቸውም።

ከእሳቸው ጋር በከተማው ማለፍ ፈተና ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ አግዳሚ ወንበር ካስቀመጠ ቁጭ ይላሉ፤ ለማረፍ አይደለም፣ ለመገመት። «በዚህ ዋጋ እኮ ልጄ፣ ወንበሩ ተነስቶ ቤቴ ድረስ ሊሸኘኝ ይገባ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ምክትል ከንቲባውን ከጭፈራው መሃል ጎትተው ስለ አዳራሹ መብራት አፋጠጡት። አልዋሽም፣ ቆባቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ የምሻገርበት ጊዜ ብዙ ነበር። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው ይባላል፤ ከተደረደሩት ወንበሮች ሁሉ ሰው የሚቀመጥበት ግን የእሳቸው ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ አደባባዩ ላይ ያሠራው፣ በሙዚቃ ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ በሁለት ቀኑ ሲበላሽ ጻፉ፤ ለደብዳቤያቸው መልስ ሲያጡ ወደ አገራችን ልማድ ዞሩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶግራፍ ያለበት የሐዘን ወረቀት በየበሩ፣ በየዛፉ፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል፤ በአርባው፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱም እንደገና። ከታች የሐዘንተኞቹ ስም ይሰፍራል። ጋሽ ራዶይም አደባባዩ ላይ ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት ለጠፉ፦ «ዘፋኙ ፏፏቴያችን ያረፈበት ስድስተኛ ወር። ሁለት ቀን ዘፍኖ፣ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ሌቫ በልቶ ተለየን።» ከተማው ሳቀ፤ ሳቀና ረሳ።

ከዚያ የድልድዩ ጉዳይ መጣ። ወንዙ ላይ ያለችው የእግረኛ ድልድይ ሳንቃዋ በስብሷል። ለጥገናዋ የተያዘው ገንዘብ ግን ፏፏቴው እንደገና እንዲዘፍን ይዛወር የሚል ሐሳብ ለሐሙስ ስብሰባ ቀረበ። ከዓርብ ጀምሮም መሻገር ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ከወዲሁ ተቸነከረ። ከወንዙ ማዶ ሠላሳ ያህል ቤቶች አሉ። ከነዚያ አንዱ የተወለድኩበት ነው፤ የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናቴ ብቻዋን ትኖርበታለች። ዳቦ ቤቱም ሐኪሙም በዚህኛው ዳር ነው፤ በመኪና መንገድ ዞሮ ለመምጣት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። አባቴ በትከሻው አድርጎ ያሻግረኝ የነበረው በዚያች ድልድይ ነው፤ ጩኸቷ ዛሬም አንዳንዴ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። እናቴ በስልክ፣ ዱቄት በርከት አድርጋ እንደምትገዛ ብቻ ነገረችኝ።

ሰኞ ማለዳ ጋሽ ራዶይ አዲስ ወረቀት ለጠፉ። ከረጅም ሕመም በኋላ ማረፏ የተነገረላት ድልድይቱ ነበረች። በሐዘንተኞቹ ቦታ የከንቲባው የድራጎስቲን ፔሎቭና የምክር ቤት አባላቱ ስም በትልልቁ ተጽፏል። እማማ ስቶይና፣ የእናቴ ጎረቤት፣ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር። ጥቁሩን ክፈፍና የከንቲባውን ስም አዩ፤ ይበቃቸዋል። ለሙት የሚሰጥ አበባ ጥንድ ጥንድ ነውና አራት ቀይ ጽጌረዳ ገዝተው ከንቲባው ቢሮ ገቡ። በመንገዳቸው ላገኙት ሁሉ ስለነገሩ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሃያ ሰው አበባ ይዞ ተሰልፏል። ለቅሶ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም። ከንቲባው ደንግጦ ሌላ ከተማ ላለችው እናቱ ደወለ፤ ደህና ነች፣ በርበሬ እየጠበሰች ነው።

«እማማ ስቶይና፣ ማን ነው የሞተብኝ?» አላቸው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ሐዘንተኛው አንተ።»

ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው ወረቀቱን ገንጥሎ አምጥቶ ኖሮ፣ የሞተችው ድልድይቱ መሆኗን ጮክ ብሎ አነበበ። እማማ ስቶይና አበባቸውን መልሰው አልወሰዱም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ምን ገደላት ታዲያ፣ ልጄ?» አሉት።

ሰልፉ አልተበተነም፤ መልስ ይጠብቃል። ሐሙስ ዕለት ፏፏቴው ዝም እንዳለ እንዲቆይ፣ ድልድይቱም እንድትጠገን ተወሰነ። ጋሽ ራዶይ ያለ ፈቃድ በመለጠፍ ሃምሳ ሌቫ ተቀጡ፤ ከፈሉና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ጠየቁ።

በጥቅምት ሥራው አለቀ። እናቴን ከሐኪም ወደ ቤቷ ስመልስ ክቡርነታቸውን፣ ጋሽ ራዶይን፣ ድልድይቱ መሃል ተንበርክከው አገኘኋቸው።

«ስልሳ አራት ሳንቃ ተከፍሎበታል። ያለው ስልሳ ሦስት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ይበቃል፣ ይተዉት ልላቸው ነበር። ግን የእናቴን ቅርጫት አስቀምጬ ከማዶው ጫፍ መቁጠር ጀመርኩ። ስልሳ አምስት መጣልኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ነበር አሉኝ» አሉ ጋሽ ራዶይ በትሕትና።

እንደገና ጀመርን፣ እሳቸው ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ፣ በጉልበታችን እየዳኽን። መሃል ላይ ስንገናኝ እናቴ ትዝ አለችኝና ዞርኩ። ቅርጫቷን አንስታ፣ በመካከላችን አልፋ፣ ማዶ ደጃፏ ላይ ቆማ ቁልፏን እየፈለገች ነበር።