ለሸራ ጫማ የተቃኘ እግር

እግር ያለው ሰው ስለ እግሩ አያስብም። እናንተም ይህን እያነበባችሁ እግራችሁ የት እንዳለ አላሰባችሁም፤ ጣታችሁን ያነቃነቃችሁት አሁን ስላነሣሁት ነው። እኔ ግን ቀኝ እግሬን አውልቄ ግድግዳ አስደግፌ የምተኛ፣ ጧት ደግሞ ፈልጌ የማገኘው ሰው ስለሆንሁ በነገሩ ብዙ አስባለሁ።

እንዴት እንደተቆረጠ ብትጠይቁኝ እንደ ፊታችሁ እመልስላችኋለሁ። ለልጆች ጅብ በላው እላለሁ። ለጎረምሶች፣ ሊማሊሞ ላይ ሊገለበጥ የነበረ የጭነት መኪና በአንድ እግሬ ደግፌ ሰው ሳስወርድ ነው እላለሁ። ለቁስቋም ጎረቤቶቼ ደግሞ ነብር ነው፤ ነብሩም በየዓመቱ ያድጋል። እውነቱ ስኳር ነው። ስኳር ግን ለወሬ አይመችም።

በድሮ ጊዜ እግር የጎደለው ሰው ወይራ ያስጠርብና ኮርቻ ሰፊው በጠፍር ያስርለት ነበር። እንዲያውም የአንድ የማውቀው ሰው የወይራ እግር በክረምት ቅጠል አወጣ ተብሏል፤ ቅጠሉን አላየሁም፣ ጥላው ሥር ግን ተቀምጫለሁ። አሁን ዘመኑ የፕላስቲክ ነው። የእኔን የሠራችው ማስተዋል የምትባል፣ ከኮሶዬ ገበሬ ቤት ወጥታ ጎንደር የተማረች ባለሙያ ናት። ከጉልበቴ በታች የቀረውን ጉማጄን በጄሶ ጠቅልላ ቅርፁን ወሰደች፤ ፕላስቲኩን አሙቃ በቅርፁ ላይ ሳበችበት፤ ከታች የጎማ መርገጫ ገጠመችለት። እየሠራች ታጫውተኛለች። ጥንት በግብፅ ምድር በአንዲት ሴት አስከሬን ላይ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ የእግር አውራ ጣት ተገኘ አለችኝ፤ የመረመሩት ሰዎች ሴትዮዋ በነጠላ ጫማ እንድትሄድበት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ያን ጊዜም ነገሩ ጫማ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ብሎኑን ጠበቅ ላላ እያደረገች እንደ ክራር ቃኘችው።

«አያ ፈንቴ፣ ይህ እግር የተቃኘው ለዚህ ለሸራ ጫማዎ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሥጋ እግር አይታጠፍም። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ካደረጉበት እግሩ እንዳለ ወደ ፊት ዘመም ይልና ጉልበትዎን ይገፋዋል።»

እሺ አልኋት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ወደ ማስተዋል መሥሪያ ቤት የሚያመላልሰኝ የወንድሜ ልጅ ደሳለኝ ነበር። ኋላ ኋላ እኔ ሳልኖርም ይመላለስ ጀመር። የእሱ ሁለቱም እግሮች ደህና ናቸው።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ሆነ። የማስተዋል አባት አያ ተገኘ የመጀመሪያዎቹን «እናስብበታለን» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው ዙር እኛ ስንላክ፣ የአንድ የማክሰኝት ከብት ነጋዴ ሽማግሌዎች በማግሥቱ እሷኑ ሊለምኑ እንደሚመጡ ሰማን። አያ ተገኘ ደግሞ በሬ ይወዳል። የዛሬው ካልተሳካ ደሳለኝ አለቀለት።

ልንነሣ ስንል አብሮኝ የተላከው መሪጌታ ኤልያስ ቁልቁል አየኝ። «በሸራ ጫማ ነው የሰው ልጅ የምትለምነው? ኳስ ልትጫወት ነው?» አለኝ። ደሳለኝ ሮጦ ጥቁር ቆዳ ጫማ አመጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ተረከዙ የሹም ወንበር የሚያክል። አደረግሁት። አማረብኝ፣ አልዋሽም።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ከመኪናው እስከ ቤቱ ያለውን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድሁት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ገባን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ አባት ተቀመጡ ይላል፣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ተቀመጠ ማለት ልመናውን ተወ ማለት ነው።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ አያ ተገኘ። ፊት ለፊቴ ባለው መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። እንደዚያ ያለ ሸጋ አጎዛ በዕድሜዬ አላየሁም።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ መሪጌታ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልመናችንን አቀረብን። አያ ተገኘ ሰማ። ከዚያ ስለ በሬው ያወራ ጀመር። በሬው ታሞ ነበር፤ መድኃኒት ተፈልጎለት ነበር፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ሰው ዘመዱ ነበር፤ ዘመዱም ዘመድ ነበረው። እኔ በጫማው ተረከዝ ቁልቁለት ላይ የቆምሁ ያህል፣ ሰው ሠራሹ እግር ጉልበቴን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ እኔ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጉማጄ ነደደ። ወደ ፊት ብወድቅ የማርፈው አጎዛው ላይ ነው፤ ተቀመጠ ሊባል ነው። ወደ ጎን ብወድቅ ደግሞ ሽማግሌው ደጃፋቸው ወደቀ ይባላል፤ ሽማግሌ የወደቀበትን ጋብቻ ማን ይቀበላል? የደሳለኝ ትዳር በአንድ ብሎን ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«አያ ፈንቴ፣ ምነው በዚህ ብርድ ላብ አጠመቀህ?» አለ አያ ተገኘ።

«የጉዳዩ ክብደት ነው» አልሁ።

«ታዲያ አረፍ በል እንጂ።»

«አያርፍም» አለ መሪጌታ። መሪጌታ ሁለቱም እግሮቹ እናቱ የወለደችለት ናቸው።

በሬው ገና አልዳነም ነበር፤ ፕላስቲኩ ሲጥ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሲጥ። ለመሪጌታ በዓይኔ ምልክት ብሰጠው በጉዳዩ ልቤ የተነካ መስሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። ሦስተኛው ሲጥታ ረዥም ነበር፤ ጉልበቴ ከእጄ ሲወጣ ታወቀኝ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እናቷ ከኋላ ነጠላዋን ስትይዛት አየሁ፤ ነጠላው እናቷ እጅ ቀረ፣ ማስተዋል መጣች።

«ማነው ጫማ ይቀይሩ ያለዎት?» አለችኝ።

የምትለመን ልጅ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች እንጂ ሽማግሌ ፊት ወጥታ አትቆጣም። የአያ ተገኘ ፊት ጠቆረ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ድምፁን ሰማሁት፣ አባዬ። የሠራሁት እግር ሲጮህ ጓዳ ልቀመጥ? ሊወድቁ እኮ ነው።»

«ይቀመጣላ!»

«አይቀመጡም» አለች ማስተዋል፣ ከመሪጌታ ቀድማ። «አያ ፈንቴ፣ እንዳይቀመጡ። መሪጌታን ይደገፉ።»

በመሪጌታ ጫንቃ ላይ ያለኝን ክብደት ሁሉ ጣልሁበት፤ ያበጠው ደረቱ ተነፈሰ። እሷ በሩ ሥር ያለውን፣ አባቷ ገበያ ሲወጣ የሚያደርገውን ሸራ ጫማ አንሥታ ተንበረከከች። ያን የሹም ወንበር አውልቃ ወረወረችው። ሁለቱንም እግሬን አጠለቀችልኝ፣ ማሰሪያውን ሳበች፣ ጉልበቴን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ቀና አለች። ጉልበቴም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አያ ተገኘ ልጁን እንጂ እኛን አያይም። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ እግሬን ኳ ኳ አደረገው።

«ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይታረስበታል?»

«ይታረስበታል።»

በሬውን ረስቶታል። በኋላ መሪጌታን ቀና ብሎ አየው።

«የዚህን ሰው አፍ አውቀዋለሁ። የተገኘ ልጅ ሽማግሌውን አይቀመጡ ብላ፣ ተንበርክካ ጫማ አጠለቀችለት ብሎ እስከ ማታ ማክሰኝት ያደርሰዋል። ከእንግዲህ ነገ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ምን ልላቸው ነው?» አለና ተነፈሰ። «ጫማዬን ወሰዳችሁ። እንግዲህ ልጄንም ውሰዱ። ተቀመጡ።»

መሪጌታ ለሁላችንም ተቀመጠ። እኔ ግን በዚያ ጫማ እስከ ሠርጉ ቀን መቆም እችል ነበር።

ይኸው ተጋብተው ቁስቋም፣ ከእኔ ዝቅ ብሎ ካለው ቤት ይኖራሉ። የአባቷ ጫማ ሶሉ ከቀድሞው ሸራዬ ጥቂት ወፈር ይል ስለነበር ማስተዋል በሳምንቱ እግሬን ለእሱ ደግማ ቃኘችው። አያ ተገኘ በየበዓሉ ይጠይቀናል። ስለ ልጁ ቅር ብሎት አያውቅም፤ ከደሳለኝ ጋር ስለ በሬ ሲያወራ ይውላል። ጫማውን ግን ሲገባም ሲወጣም ይጠይቀኛል። እንዴት ብዬ እመልስለታለሁ? እግሬ ተቃኝቶበታል።

ጎረቤቶቼ ጫማውን ከየት አመጣኸው ሲሉኝ፣ ከነብሩ እላቸዋለሁ።