ልደታን በሙሉ ያሰመጥኩበት ስብሰባ

ዛሬ ጠዋት ልደታን በሙሉ አሰመጥኳት። ብቻዬን! በላፕቶፕ!

ቆይ አትሳቁ፣ ገና ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ዩትዩብ እያየሁ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ እየተሳደብኩ ነው የተማርኩት። ባለፈው ክረምት ደግሞ አንድ ነጻ ሶፍትዌር አገኘሁ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ መሬቱን በራዳር ያነሳል፣ ሶፍትዌሩ የድሮውን ምስል ከአዲሱ ጋር ያስተያያል፣ መሬቱ ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ ይናገራል።

ምስሉም ነጻ፣ ሶፍትዌሩም ነጻ! ነጻ ነገር አይቼ ልለፍ እንዴ?

ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ከኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ለአንድ ፎቅ መሠረት ትልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። ግራውንድ የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ግድግዳቸው ተሰነጠቀ። የቁፋሮው ኢንጂነር በመስኮት አየት አድርጎ "የቀለም ስንጥቅ ነው" አላቸው። እሳቸው ግን የልጅ ልጃቸውን አልጋ ከግድግዳው አርቀው ሳሎን አውጥተዋል።

"እትዬ፣ ማስረጃ ከሰማይ አመጣለሁ!" አልኳቸው።

አይ አፌ!

ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ኢንጂነሩን ስብሰባ ጠራው። እኔ አንሶላ ወጥሬ፣ ፕሮጀክተር ተውሼ፣ ካርታዬን አበራሁ። ሰማያዊው ባለበት ያለ፣ ቀዩ የሚሰምጥ። የኛ ብሎክ ቀይ! አዳራሹ "ኧረ በስመ አብ!" አለ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

ኢንጂነሩ አንገቱን ዘመም አደረገ። "እህቴ፣ ፍርድ ቤቱስ ለምን ቀላ? አብነት ሰፈርስ?"

አየሁ። ሁሉም ቀይ ነው። የታክሲ ተራው ሳይቀር!

ቤት ሆኜ የኛን ብሎክ ብቻ ነበራ አጉልቼ የማየው!

"ማነጻጸሪያ ነጥብሽን የት አደረግሽው?" አለኝ ኢንጂነሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ "የማይንቀሳቀስ ቦታ ምረጪ" ይላል፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ከሱ አንጻር ይለካል። የማይንቀሳቀስ! ልደታ ተወልዳ ላደገች ሴት ይሄ ጥያቄ ነው? አማትቤ ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ላይ ክሊክ አደረግኩ።

ግቢው ደግሞ ዛፍ በዛፍ ነው! ቅጠል ይወዛወዛል፣ ይረግፋል፣ ያቆጠቁጣል፤ ራዳሩ ዛፍ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። የኔ የማይነቃነቅ ነጥብ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሷ ስትወዛወዝ ሌላው ሁሉ የሰመጠ መሰለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? እኛ ኃጢአተኞቹ ወደ ታች፣ ቤተ ክርስቲያኗ ባለችበት! ካርታው ልክ ነው!" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩ ቦርሳውን አነሳ። "እንግዲህ ጉዳዩ ተዘጋ።"

እዚህ ጋ ደሜ ፈላ።

"ማን ዘጋው? የተሳሳተው የኔ ካርታ ነው! የእትዬ ዘይነባ ግድግዳ መች ተሳሳተ? ወንድሜ፣ ና ግባና እየው!"

ሳቁ ቆመ። እትዬ ዘይነባ ቀድመው ሄደው በራቸውን ከፈቱ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ተከተለ። ኢንጂነሩ "ቀለም" ያለው ስንጥቅ ላይ ጣቱን አስጠጋ።

ጣቱ ገባ።

እስከ አንጓው!

ጋሽ ታደሰ፣ አሁን ሳይስቁ፣ "ይሄ እስኪመረመር በዚህ በኩል አትቆፍሩም" አሉት። ኢንጂነሩ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከምሳ በኋላ የኤክስካቫተሩ ድምፅ ጠፋ።

እኔ አንሶላዬን እያጣጠፍኩ መሬት ዋጪኝ እላለሁ። እትዬ ዘይነባ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። "አብሽሪ ልጄ! እኔ ስጮህ ማን መጣ? ያንቺ ሳተላይት ሰው ሰብስቦልኛል።"

ቤት ገብቼ ነጥቡን ከጉድጓዱ ራቅ ወዳለ ያረጀ የኮንክሪት ጣሪያ አዛወርኩት። ልደታ ከሰመጠችበት ብቅ አለች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! የእትዬ ዘይነባ ግድግዳስ? ሳተላይቱ አንዲት ግድግዳ ለይቶ አያይም። ለሷ ጣት ይበቃል።

ከስብሰባው ወጥታችሁ "በቃ አጥፊው" እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ፣ ሶፍትዌሩን አላጠፋም! ሰው ፊት ተዋርጄ የተማርኩትን ማን ያስረሳኛል?

ግን እስቲ እናንተ፣ "የማይንቀሳቀስ ቦታ ምረጡ" ብትባሉ የት ላይ ክሊክ ታደርጉ ነበር?

መጀመሪያ ዛፍ አለመኖሩን አረጋግጡ!