መርዶ በሉቤክ በኩል

እኅታችሁ አፈር በለበሰችበት ሰዓት እናንተ ምን ትበሉ ነበር? እኔ ማርዚፓን እበላ ነበር። ከለውዝና ከስኳር የሚሠራ የጀርመን ጣፋጭ ነው፤ አልመክራችሁም።

እኛ ሐበሾች ሞትን ያን ያህል አንፈራም። የምንፈራው ሞትን በስልክ መናገር ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ መርዶ የሚነገረው አገሩ ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ነው። እስከዚያ ድረስ ሟቹን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ታናሽ እኅቴ ዘነቡ ደባርቅ ታማ ተኝታ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስዊድን ነው። የወንድሜ ልጅ ዲያቆን ምስጋናው ደውሎ «እትዬ፣ ተሽሏታል፤ ቀስ ብለው ይምጡ» ባይለኝ ኖሮ በማግሥቱ በርሬ ዐይኗን አይ ነበር። ቀስ በይ ተባልኩ፣ ቀስ አልኩ። ሻንጣ መጎተት ስለማልወድ እንደ ጎረምሳ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ፍራንክፈርት ደርሼ አውሮፕላን ልሳፈር በባቡር ተነሣሁ። መንገድ ላይ ሉቤክ ወረድኩ።

ሉቤክ ጥንታዊ የጀርመን ከተማ ናት። የከተማዋ በር ከማርጀቱና ከመክበዱ የተነሣ ወደ መሬት ሰጥሞ ዘመም ብሏል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በጦርነት ጊዜ ከማማው የተፈጠፈጡ ደወሎች ተሰባብረው እንደወደቁ ወለሉ ላይ ተትተዋል። አላነሷቸውም፣ ጨርቅም አላለበሷቸውም። የሆነው ነገር ይታያል። ከዚያ ወጥቼ ማርዚፓኔን እየገመጥኩ ደባርቅ ደወልኩ። ከምስጋናው ድምፅ ኋላ ጫጫታ ሰማሁ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«ሰርግ ነው፣ እትዬ።»

«በሁዳዴ?»

ዲያቆኑ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። «የእስላሞቹ ነዋ! ዘነቡ ተኝታለች፤ አይቸኩሉ፣ አገር ይዩ።»

አገር አየሁ። አንድ ቀንም ጨመርኩ። ለእኅቴ የሱፍ ካልሲ ገዛሁላት፤ የደባርቅ ብርድ የሚጀምረው ከእግር ነው።

ከጎንደር ስመጣ ዳባት ላይ ዘመዶች ከመኪና አስወርደው አበሉኝ፣ አስተኙኝ። «ደባርቅ የት ይሄድብዎታል?» አሉ። ሲነጋ ደጁ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከፊታቸውም የእኅቴ የነፍስ አባት ቆመዋል። ማንም ሳይናገር የምስጋናው «ሰርግ» የማን ቀብር እንደነበረ ገባኝ።

አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ «በሰው አገር፣ ብቻዎን፣ ድንጋይ ላይ እንዳይወድቁ አስበን ነው» አሉኝ አባ።

«ብወድቅስ፣ አባ? እዚያ እኮ ደወልም ወድቆ ይታያል።»

አልገባቸውም። እንዲገባቸውም አልደከምኩ።

ደባርቅ ደርሼ ገና ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጤ የምስጋናው ስልክ ጮኸ። የዘነቡ ልጅ ትዕግሥት ናት፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ እሷም አልተነገራትም። ምስጋናው ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ እርስዎን ታምናለች። እናትሽ ጸበል ገብታለች ይበሏት።»

ተቀበልኩት። «ትዕግሥት፣ እናትሽ ሞታለች» አልኩ። በዚያ ቤት እውነት ሲነገር የመጀመሪያው ነበርና ምስጋና ጠበቅኩ።

ልጅቷ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ነው እኮ። ማዳም እንግዶች ጠርታለች፣ ሳህን ይዤ ልገባ ነው። አሁን የት ሄጄ ላልቅስ? እዚህ አንድ የሚይዘኝ ሰው እንኳ አጥታችሁልኝ ነው?» አለች። «ይህን አልረሳልዎትም።» ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩኝ። «አላልንም?» የሚል አስተያየት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። አባ ፋሲካ ሳይገባ ይቅር እንድንባባል መክረውኛል፤ ምስጋናውም ጉልበቴን ሊስም ሁለቴ ጎንበስ ብሏል። እሷ እውነቱን ስለነገርኳት፣ እኔ ስለዋሹኝ ተቀይመናል፤ ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ይሆናል።

ካልሲውን እኔ አደረግኩት። ይሞቃል። አባን ይቅር አልልም፤ ምስጋናውን አልልም፤ ልጅቷንም አልልም።