ነዳጅ የሚያሸቱት ሊቀ ሞተር

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ «መኪናህን ካንተ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ» የሚል ጎረቤት አለው። የለኝም የሚል ካለ ጎረቤቱ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም ማለት ነው።

ለአንዲት ፋርማሲስት የደረሷት ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የሰፈሩ ሰው የሰጣቸው ሙሉ ማዕረግ «ክቡር ሊቀ ሞተር» ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቴምብር ላይ ማኅተም ሲመቱ ኖሩ እንጂ መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ይህን ያነሳባቸው ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ «አዋላጁ ሐኪም ወልዶ ነው እንዴ የሚያዋልደው?»

ሕክምናቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የነዳጁን ክዳን ከፍተው ያሸታሉ። «በሽተኛ በትንፋሹ ነው የሚታወቀው» ይላሉ። ቀጥለው የረጅም ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚህ ሰዓት ያወራ ሰው ወዮለት። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ ፍርዱም ሁሌ ያው ነው፤ «ካርቡሬተሩ አኩርፏል።» የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ የተበላሸ ጊዜም ካርቡሬተሩ አኩርፏል ብለዋል። ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነበር።

የፋርማሲስቷ መኪና ከአባቷ የቀረች ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት። ከመሬት ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ለመግባት መታጠፍ፣ ለመውጣት ደግሞ ሰው መጥራት ያስፈልጋል። አባቷ እጇን ይዞ ማርሽ መቀየር ያስተማራት በዚህችው መኪና ነው። ስለዚህ በጣም ትወዳታለች።

መኪናዋ ግን ዘንድሮ አመል አወጣች። ትንሽ እንደሄደች ትንተፋተፍና መንገድ መሃል ቀጥ ትላለች። ካንዴላ ተቀየረ፣ ባትሪ ተቀየረ። ጋራዥ ስትወስዳት ጤነኛ ናት ብለው ይመልሷታል። ሊቀ ሞተር ሲጠሩ ግን በታክሲም ቢሆን ይደርሳሉ፤ ያሸታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይፈርዳሉ። ከዚያ «በይ አስነሺ» ሲሏት መኪናዋ ምንም እንዳልነካው ሰው ትነሳለች። ፋርማሲስቷን የሚያበግናት ይሄ ነው።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሟም ውርስ ናት፤ የእሱ ትዕግሥት ደግሞ አልቋል። «አንዴ ደግማ ከቆመች ትሸጣለች፣ በቃ» አላት። ፈታትቶ ዕቃዋን የሚቸረችር ገዢም አዘጋጅቷል።

እሁድ ጠዋት ሊፈትኗት አብረው ወጡ። ወንድምየው ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል። ሰፈር ሊመለሱ ትንሽ ሲቀራቸው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠፋች። ወንድምየው ተንፏቆ ወጣና ገዢው ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

ሊቀ ሞተር ዳቦ በፌስታል ይዘው ሲወጡ አይተዋቸው ደረሱ። ካቻቢቴው መቼም ከኮታቸው ኪስ አይጠፋም።

«አይዞሽ ልጄ፣ ትንፋሿን ልየው» አሉ።

ፋርማሲስቷ ሌላ ጊዜ መሪው ላይ ሆና ነበር የምትጠብቃቸው። ዛሬ አጠገባቸው ቆማለች። ክዳኑን ሲያዞሩት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ አየር እየተሳበ ወደ ውስጥ ሲገባ። ሲገለበጥ አየር ያላገኘ ጠርሙስ ሽሮፑን እንደማይለቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነዳጁም ሲጎድል በቦታው የሚገባ አየር አጥቶ ወደ ሞተሩ አልሄድ ብሏል ማለት ነው። ክዳኑን አየችው። የድሮው ክዳን ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል ብለው ሊቀ ሞተር ራሳቸው ዘንድሮ ገበያ ለገበያ ዞረው በስጦታ ያመጡላት፣ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም፣ የአየር ቀዳዳ የሌለው አዲስ ክዳን ነው። በሽታውን ያመጡት እሳቸው፤ ሊያሸቱ በከፈቱት ቁጥር የሚያድኑትም እሳቸው።

«ምን ሆና ነው?» አለ ወንድምየው፣ ስልኩን እንደያዘ።

«ካርቡሬተሩ አኩርፏል» አሉ ሊቀ ሞተር።

ፋርማሲስቷ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። «አዎ፣ ካርቡሬተሩ ነው» አለች። «ጋሼ በሽታውን አግኝተውታል። አንድ ሳምንት ስጠኝ።» ወንድምየው ሁለቱንም ገላመጣቸውና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የዚያኑ ቀን የስጦታውን ክዳን አየር እንዲያስገባ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳችው። ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋ አንዴም አልቆመችም። በመጨረሻም ወንድምየው ራሱ ከከተማ ወጣ አድርጎ ነድቷት ተመለሰና ለገዢው ደውሎ «ሽያጩ ይቅር» አለው።

ከዚያ ወዲህ ሊቀ ሞተር ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ብቅ ይላሉ።

«ዛሬም ተነሳች?»

«ተነስታለች፣ ጋሼ።»

«እሰየው» ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ይመልሱና ይገባሉ። ፋርማሲስቷ ከኋላቸው ታያቸዋለች። ጎረቤት የሚያስቀው ያ ሁሉ ማሽተትና ማዳመጥ ለካ እሷንም ናፍቋታል።

ቅዳሜ ሲሆን ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ አንድ የማልወደው ድምፅ እየሰማሁ ነው። ቢያዩልኝ?»

ምንም ድምፅ አልነበረም። ሊቀ ሞተር ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ መጡ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ አዳመጡ።

«ሰማሁት» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው እየበራ። «አየሽ ልጄ፣ ጆሮሽ እየተከፈተ ነው።»